የደም ልገሳ ወጣት አምባሳደር ከሆናችሁ፦ አንድ ዓመታችሁን እንዲህ ተጠቀሙበት

ሹመቱ የሚሰጠው በጭብጨባ ነው። ቲሸርት ትለብሳላችሁ፣ ሪባን ይጠለቅላችኋል፣ ፎቶ ትነሳላችሁ። ማታ ዶርም ስትገቡ ልጆቹ «አምባሳደር መጣ!» ብለው ይቀበሏችኋል። በማግስቱ ጠዋት ግን ምን መሥራት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ ሰው የለም። የተሰጣችሁ ወረቀት «ወጣቶችን ማነቃቃት» ይላል፤ እዚያው ላይ ያበቃል።

እኔ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሳለሁ ለአንድ ዓመት የግቢያችን የደም ልገሳ አምባሳደር ነበርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በስብሰባና በመድረክ ንግግር አለፉ። ሥራው የገባኝ ዘግይቶ ነው። እናንተ ያንን ጊዜ እንዳታጡት ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። አንድን ሰው አንድ ጊዜ ማስለገስ ቀላል ነው። ሙዚቃ አለ፣ ጓደኛ አለ፣ ሞቅታ አለ። ያው ሰው ከሦስት ወር በኋላ ማንም ሳይጎትተው ተመልሶ ከመጣ ሠርታችኋል። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ያንን ሰው ለማግኘት ነው።

1. ዓመቱን ቁጠሩት

በአገራችን ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ ደም መለገስ ይችላል። ስለዚህ አንድ ዓመት ማለት አራት ዙር ነው። በጥቅምት ከጀመራችሁ ቀጣዮቹ ጥር፣ ሚያዝያና ሐምሌ ናቸው። እነዚህን አራት ወራት ካላንደር ላይ አክብቧቸው። ቀጥሎ የሚድና የፋይናል ሳምንታትን፣ አጽዋማትንና በዓላትን በሌላ ቀለም ጻፉ። የትኛው ሳምንት ክፍት እንደሆነ ወዲያው ይታያችኋል።

«በአንድ ትልቅ ዘመቻ ለምን አንጨርሰውም?» የሚላችሁ አይጠፋም። ደም እንደ እህል ጎተራ ገብቶ አይቆይም። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ውስጥ የሚቆየው 35 ቀን ገደማ ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ደግሞ 5 ቀን ብቻ። የደም ካንሰር ሕክምና ላይ ያለ ሕፃን ፕላትሌት ሲያስፈልገው ባለፈው ወር የተለገሰው አይደርስለትም።

የዓለም ደም ለጋሾች ቀን ሰኔ 7 ነው። የደም ዓይነቶችን ያገኘው ካርል ላንድስታይነር የተወለደበት ቀን ስለሆነ ነው የተመረጠው። በዚያ ቀን 500 ሰው ብታሰልፉ ደስ ይላል። ነሐሴ ላይ ወልዳ ደም ለሚፈስሳት እናት ግን የዚያን ቀን ቀይ ደም አታገኙላትም፤ ጊዜው አልፎበታል። ስለዚህ በዓመት አንዴ 200 ሰው ከምትሰበስቡ፣ በየዙሩ 50 ሰው ብትሰበስቡ እመርጣለሁ። ለፎቶ አያምር ይሆናል። ለሆስፒታሉ ግን ልዩነቱ ትልቅ ነው።

2. ሌላውን ከመጋበዛችሁ በፊት እናንተ ለግሱ

ራሳችሁ ያልተኛችሁበትን አልጋ ለሌላው አታመቻቹ። ሂዱና ለግሱ። ቅጹ ምን እንደሚጠይቅ፣ የጣት መርፌው ምን ያህል እንደሚያም፣ ከተነሳችሁ በኋላ ምን እንደሚሰማችሁ እወቁ። አንድ ተማሪ «ያማል?» ብሎ ሲጠይቃችሁ ከራሳችሁ ክንድ ትመልሳላችሁ።

በጤና ምክንያት መለገስ የማትችሉ ከሆነም አምባሳደርነቱ አይቀርባችሁም። «እኔ አልተፈቀደልኝም፣ ስለዚህ የሚችለውን እፈልጋለሁ» በሉ። ይህ አነጋገር ብዙ ሰው ልብ ይነካል።

ከዚያ አንድ ሙሉ ቀን አስፈቅዳችሁ በደም ባንክ ዋሉ። ከአዲስ አበባ ውጭም በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በደሴ፣ በመቀሌ፣ በአዳማ፣ በጅማ፣ በሐዋሳ፣ በድሬዳዋና በሌሎችም ከተሞች ደም ባንኮች አሉ። አንድ ከረጢት ደም ከለጋሹ እስከ ማቀዝቀዣው ድረስ የሚያልፍበትን መንገድ በዓይናችሁ ተከተሉ። ኤች አይ ቪ፣ ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲና ቂጥኝ ይመረመርበታል። ችግር የተገኘበት ይወገዳል። የሆስፒታል መኪና ቆሞ ደም ሲጠብቅ ማየት ደግሞ ከአሥር ሥልጠና ይበልጣል። የእኔን አነጋገር የቀየረው ያ ቀን ነው። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ወጥቼ ስለ «ሰብዓዊነት» በደፈናው አላወራሁም። ያየሁትን ነው የተናገርኩት።

ቁጥሮቹንም በቃላችሁ ያዙ። ዕድሜ ከ18 እስከ 65። ክብደት ቢያንስ 45 ኪሎ። የሚወሰደው ከ350 እስከ 450 ሚሊ ሊትር ነው። የአንድ አዋቂ ሰው ደም ወደ 5 ሊትር ገደማ ይሆናል። ደሙ የሚቀዳው በ10 ደቂቃ አካባቢ ነው። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት አይለግሱም።

3. ሰው የሚፈራውን በስሙ ጥሩት

ሰው የማይለግሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ያልተመለሰ ጥያቄ ስላለው ነው። ፖስተር ጥያቄ አይመልስም። ላውንጅ ውስጥ ሻይ ይዛችሁ ሦስትና አራት ሆናችሁ ስታወሩ ነው ነገሩ የሚወጣው። እኔ ደጋግሜ የሰማኋቸው እነዚህ ናቸው።

«ደሜ አይተካም።» ይተካል። ፈሳሹ በአንድና በሁለት ቀን ይመለሳል። ቀይ ሕዋሱ ሳምንታት ይወስዳል። የሦስት ወር ክፍተት የተደረገውም ለዚሁ ነው።

«በሽታ ይይዘኛል።» መርፌውና ከረጢቱ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚያገለግለው። እሽጉ ፊታችሁ ነው የሚከፈተው። ከለጋሹ ተወስዶ ወደ ለጋሹ የሚመለስ ነገር የለም።

«ደም ይሸጣሉ ይባላል።» በዚህ ላይ አትቆጡ። ሰውየው ወይም ዘመዱ ሆስፒታል ውስጥ ተንገላቶ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ታሪኩን ስሙት። ከዚያ ደም ባንኩ ለጤና ተቋማት ደም የሚያቀርበው በነፃ መሆኑን ንገሩት። ሆስፒታል ለምርመራና ለአልጋ የሚያስከፍለው ሌላ ሂሳብ ነው። ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያል።

«ጾም ላይ ነኝ።» እውነተኛ ምክንያት ነው፤ አክብሩት። ባዶ ሆድ ደም መስጠት ያዞራል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው በልቶ፣ ውኃ ጠጥቶ፣ በሌላ ሰዓት ወይም ከጾም በኋላ ይምጣ። ዐቢይ ጾምና ረመዳን ላይ ለጋሽ ይቀንሳል። ስለዚህ ከጾሙ በፊት ባለው ሳምንት ተሯሯጡ።

«ደም ማነስ አለብኝ መሰለኝ።» መሰለኝ አይበቃም፤ ጣቱ ተወግቶ በደቂቃ ይታወቃል። ዝቅ ካለ ወደ ሐኪም ይሂድ። እዚህ ላይ አንድ ምክር ጣል አድርጉለት። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጣ ሰውነት ከምግቡ የሚያገኘውን ብረት ይቀንስበታል። አንድ ሰዓት ገደማ ቆይቶ ይጠጣ። ምስርና ጎመን ሲበላ ሎሚ ጨመቅ ቢያደርግበት ጥሩ ነው።

ያላወቃችሁትን ስትጠየቁ «ባለሙያውን ጠይቄ ነገ እነግርሃለሁ» በሉ። በማግስቱም ንገሩት። ሰው የሚያምናችሁ በዚህች ነው።

4. የዘመቻው ቀን

የመጀመሪያ ዘመቻዬ የተበላሸው በሰዓት ነው። አዳራሹን ያገኘሁት ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ነበር። ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ያን ሰዓት ተማሪው ጠዋት ቂጣና ሻይ ቀምሶ፣ ሦስት ክላስ ገብቶ፣ ምሳውን እየጠበቀ ነው። ሁለት ልጆች አዞራቸው። አንደኛዋ ራሷን ሳተች። ምንም አልሆነችም፤ አስተኝተው እግሯን ከፍ አደረጉላት፣ ነቃች፣ ጣፋጭ ጠጣች። ሰልፍ ላይ የነበሩት ግን አይተው ተበተኑ። ወሬው በአንድ ሰዓት ውስጥ ዶርም ደረሰ።

ከዚያ ወዲህ የያዝኩት አሠራር ይህ ነው።

ደብዳቤ ከ3 ሳምንት በፊት አስገቡ። አንዱ ለተማሪዎች ዲን፣ አንዱ ለደም ባንኩ፣ አንዱ ለግቢው ክሊኒክ። ማኅተም የሚያስፈልገው ወረቀት በራሱ እግር አይሄድም። በአካል ሂዱ፣ የመዝገብ ቤቷን ጸሐፊ በስሟ ጥሩ፣ የደብዳቤውን ቁጥር ያዙ። ጸሐፊዋ ስትወዳችሁ ሥራው ግማሹ አለቀ።

ቦታው ጥላ፣ ውኃ፣ መጸዳጃ ቤትና መብራት ያለው ይሁን። የደም ባንኩ ተንቀሳቃሽ ቡድን ተጣጣፊ አልጋውንና ዕቃውን ይዞ ይመጣል። ጠረጴዛና ወንበር ግን ከናንተ ነው። ስንት እንደሚፈልጉ ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሰዓቱን ከቁርስ በኋላ ወይም ከምሳ በኋላ አድርጉት። በዋዜማው በቴሌግራም ግሩፑ ሦስት መስመር ብቻ ላኩ፦ «ዛሬ ማታ በደንብ ተኙ። ነገ ሳትበሉ እንዳትመጡ። ውኃ ጠጡ።» ረጅም ጽሑፍ ማንም አያነብም።

ለጋሹ ከተነሳ በኋላ የሚቀመጥበት ቦታ አዘጋጁ፤ ብስኩትና ለስላሳ ይኑር። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ይቀመጥ። አጠገቡ የሚያወራው ሰው መድቡለት። ከባድ ዕቃ በዚያ ክንድ እንዳያነሳ፣ የዚያን ቀን ኳስ እንዳይጫወት ንገሩት። ፎቶ የምታነሱት ፈቃዱን ጠይቃችሁ ነው። ፈዝዞ የተኛን ሰው ፈቃድ ቢሰጥም አታንሱት።

5. ሳይለግስ የተመለሰውን ሰው ጠብቁት

ስለዚህ ክፍል ሲወራ ሰምቼ አላውቅም። ለእኔ ግን ከሁሉ የከበደው እሱ ነው።

በእያንዳንዱ ዘመቻ «ዛሬ አትለግስም» የሚባል ሰው አለ። ክብደቱ አልሞላም። ግፊቱ ከፍ ወይም ዝቅ ብሏል። ሌሊቱን አልተኛም። መድኃኒት ላይ ነው። ሄሞግሎቢኑ አንሷል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ግቢ ውስጥ ግን ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጁ ከጓደኞቹ ጋር መጥቶ እሱ ብቻ ሲመለስ ዓይን ይከተለዋል። አንድ የማውቀው ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ለሁለት ሳምንት ካፌ አልገባም። የተመለሰው ኪሎው 43 ስለሆነ ብቻ ነው። እኔ አጠገቡ ቆሜ ምንም አላልኩም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

እንግዲህ እንዲህ አድርጉ። ምዝገባው ከመጀመሩ በፊት ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፦ «ዛሬ ከመካከላችን የሚመለስ አለ። በክብደት፣ በግፊት፣ በእንቅልፍ ሊሆን ይችላል። መምጣቱ በራሱ ይበቃል።» መጀመሪያ ይህን የሰማ ሰልፈኛ ቀጥሎ የሚመለሰው ላይ አያፈጥም።

መውጫውን አንድ አድርጉት። የለገሰም ያልለገሰም በአንድ በር ይውጣ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፣ አንድ ዓይነት ብስኩት ይብላ። ለተመለሰው ሥራ ስጡት። ውኃ ያድል፣ ስም ይመዝግብ፣ ከለጋሽ ጋር ይቀመጥ። እኔ ካገኘኋቸው ጎበዝ አስተባባሪዎች ሁለቱ መጀመሪያ የተመለሱ ልጆች ናቸው።

ምክንያቱን ፈጽሞ አትጠይቁ። ሊነግራችሁ ቢፈልግም ብቻችሁን ስትሆኑ ይንገራችሁ። የምርመራ ውጤት የለጋሹና የባለሙያው ነው። አምባሳደር መሆናችሁ ዝርዝር ለማየት መብት አይሰጣችሁም። ባለሙያ በስሕተት ወረቀት ቢያስይዛችሁ እንኳ ሳታነቡ መልሱ። አንድ ምስጢር ካመለጣችሁ የዓመቱ ሥራ በአንድ ቀን ይፈርሳል። ልጁም ይጎዳል።

6. ሁለተኛውን ዙር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩት

በመጀመሪያ ዘመቻዬ የለጋሾችን ስም እንጂ ስልክ አልያዝኩም። ጥር ሲደርስ የምጠራው ሰው አልነበረኝም። እንደገና ከዜሮ ጀመርኩ።

አንድ ደብተር ግዙ። ፈቃደኛ የሆነ ለጋሽ ስሙን፣ ስልኩን፣ የለገሰበትን ቀንና ክረምቱን የሚያሳልፍበትን ከተማ ይጻፍላችሁ። ሌላ ምንም አያስፈልግም። በማግስቱ ደውሉለት። «እንዴት አደርክ? ክንድህ እንዴት ነው?» በሉት። ለልገሳ አትጋብዙት፤ ጤንነቱን ብቻ ጠይቁ። ይህቺ የአንድ ደቂቃ ስልክ ከማንኛውም ፖስተር የበለጠ ሰው መልሳልኛለች።

ሦስት ወር ሊሞላ አንድ ሳምንት ሲቀረው እንደገና ደውሉ። በግሩፕ መልእክት አይሆንም። «ሁላችሁም ኑ» የተባለ ሰው ሌላው ይሄዳል ብሎ ይቀራል። በስሙ የተጠራ ግን ይመጣል።

ዚምባብዌ ውስጥ በአውሮፓውያኑ 1989 ወጣቶች 25 ጊዜ ደም ለመለገስ ቃል የሚገቡበት ክለብ ተመሥርቶ ነበር። ሐሳቡ ኋላ ወደ ሌሎች አገሮችም ተስፋፍቷል። እኔ ደስ የሚለኝ ቀላልነቱ ነው። ወጣቱ ሊቆጥረው የሚችል ግብ ተሰጠው፣ ጓደኞቹም አብረውት ቆጠሩ። እናንተም በትንሹ ጀምሩት። በዶርም ተከፋፈሉ፤ አራቱንም ዙር የጨረሰ ዶርም ስሙ ሰሌዳ ላይ ይጻፍለት። ገንዘብ ወይም የፈተና ነጥብ ግን አታስገቡበት። ሽልማት ፈልጎ የመጣ ሰው ቅጹ ላይ ስለ ጤናው እውነቱን ላይናገር ይችላል።

7. ከግቢው አጥር ውጡ

ክረምት ሲገባ ተማሪ ወደየቤቱ ይበተናል። ከደም ለጋሹ ብዙው ተማሪ ነውና ደም ባንኮች ያን ጊዜ ይቸገራሉ። አራተኛው ዙር፣ የሐምሌው፣ እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። የክረምት ከተማውን ደብተር ላይ ያስጻፍኳችሁ ለዚህ ነው። ሰኔ ላይ ለእያንዳንዱ በከተማው ያለው ደም ባንክ የት እንደሆነ ጽፋችሁ ስጡት። «ሐምሌ 10 አካባቢ ሂድ፣ ስትጨርስ ደውልልኝ» በሉት።

ለሰፈራችሁ ደግሞ እድር አለ። የእድሩን ዳኛ ቤታቸው ሄዳችሁ አነጋግሩ። «ጋሼ፣ በወሩ ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ይስጡኝ» በሉ። በሰዓታችሁ ድረሱ፣ በአሥር ደቂቃ ጨርሱ። ለትልልቅ ሰዎች የምትነግሩት ስለ ወሊድ ቢሆን ይሻላል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስስ ደም እናቶችን ከሚገድሉ ምክንያቶች ግንባር ቀደሙ ነው። እዚያ ከተቀመጡት መካከል በዚህ እህቷን ወይም ጎረቤቷን ያጣች አትጠፋም። እሷ ከተናገረች እናንተ ዝም በሉ። የቀረውን ራሷ ትጨርሰዋለች። ከቄሱና ከሼሁ ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ የእነሱ አንድ ቃል ከናንተ ሃያ ይበልጣል።

8. ስለ ራሳችሁ

ትምህርታችሁን አትጣሉ። ኤፍ የያዘ አምባሳደር የሚከተለው የለም። በሳምንት የሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ሥራ አላካፈላችሁም ማለት ነው። አምስት ልጆች ምረጡ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ ኃላፊነት ስጡ። በየዙሩ ምን እንደሠራችሁ በግማሽ ገጽ ጻፉ። ኋላ የድጋፍ ደብዳቤ ስትጠይቁ የሚጽፍላችሁ ሰው ያንን ግማሽ ገጽ ነው የሚፈልገው።

9. ማስረከብ

ተተኪያችሁን በሚያዝያ ፈልጉ፤ በሰኔ ከፈለጋችሁ ረፍዷል። የሚያዝያውን ዙር አብራችሁ ምሩ፣ የሐምሌውን የስልክ ጥሪ እሱ ወይም እሷ ይደውሉ። ደብተሩን ከመስጠታችሁ በፊት ለጋሾቹን ጠይቁ፤ ስልኩ እንዲተላለፍ ያልፈቀደውን ሰርዙ። የደም ባንኩን አስተባባሪ፣ የዲኑን ጸሐፊ፣ የእድሩን ዳኛ በአካል አስተዋውቁ። ያበላሻችሁትንም ሳትደብቁ ንገሩ። እኔ ለተተኪዬ መጀመሪያ የነገርኳት ስለ አምስት ሰዓት ተኩሉ አዳራሽና ስለዚያ ልጅ ነበር።

ከዚያ በቀጣዩ ጥቅምት፣ ዘመቻው ሲከፈት፣ ሪባን ሳታጠልቁ ሂዱ። ቁርሳችሁን ብሉ። ስማችሁን አስመዝግቡና ሰልፍ ያዙ።